ሥጋ ቤቱ ፊት የያዘው ፍሬን

ማኅሌት ማሞ መኪና በራሱ ፍሬን እንዲይዝ ማድረግ የጀመረችው በቤቴል ምክንያት ነው። ቤቴል ሐዋሳ ሲማሩ አንድ ክፍል አብራት ትተኛ የነበረች ጓደኛዋ ነበረች። አንድ ጠዋት መብራቱ ለእግረኛ አረንጓዴ ሆኖላት ስትሻገር፣ ቀዩን ጥሶ የመጣ አይሱዙ ገጫት። አልተረፈችም። ሹፌሩ ፍርድ ቤት ቆሞ «መብራቱን አላየሁትም» ሲል ማኅሌት እዚያው ተቀምጣ ነበር። ሹፌር ባያይ መኪናው ማየት አለበት ብላ ያሰበችው የዚያን ቀን ነው።

ዲግሪዋን ይዛ ወደ ተወለደችበት ወላይታ ሶዶ ተመለሰችና ከከተማዋ ዳር፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ባለ አንድ ትንሽ የግል ቴክኖሎጂ ኮሌጅ መምህርት ሆነች። በየስብሰባው «የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚባልበት ዘመን ነበር። መሥሪያ ቤት ሁሉ በዓል ሲመጣ ለእንግዳ የሚያሳየው የፈጠራ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ የኮሌጁ ዲን ወይዘሮ ዓመለወርቅ የማኅሌትን ሐሳብ ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። የኮሌጁን አሮጌ ፒካፕ ፈቀዱላት፤ ሹፌሩን ጋሽ መልአኩንም ጨምረው ሰጧት።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከፒካፑ የፊት መስታወት ጀርባ አንዲት ትንሽ ካሜራ ተለጥፋለች። ጋቢና ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ካሜራዋ የምታየውን እየተቀበለ ክብ፣ ቀይና የሚያበራ ነገር ይፈልጋል። ያየው ነገር የትራፊክ መብራት ነው ብሎ ሲያምን፣ ከፍሬኑ ፔዳል ጋር በሽቦ ገመድ የተያያዘች ሞተር ፔዳሉን ትጎትታለች። ሹፌሩ ቢያንቀላፋም መኪናው ይቆማል።

አስቸጋሪው ማመኑ ነበር። ላፕቶፑ ምን ያህል እርግጠኛ ሲሆን ፍሬን ይያዝ? ይህን ልክ የምትወስነው ማኅሌት ናት። ልኩን ከፍ ስታደርገው፣ ፀሐይ በበረታ ሰዓት እውነተኛውን ቀይ መብራት ሳይለየው ያልፋል። ዝቅ ስታደርገው ደግሞ ቀይ ነገር ሁሉ መብራት ይመስለዋል። አንዴ የከባድ መኪና የኋላ መብራት አስቁሞታል። ከአንድ ጊዜ በላይ ደግሞ ከከተማው መሐል፣ ከአራዳ፣ ወደ ኮሌጁ በሚያመጣው መንገድ ላይ ያለ አንድ ሥጋ ቤት፣ በሩ ላይ ያንጠለጠለው ቀይ አምፖል አስቁሞታል። ያኔ መንገዱ ባዶ ነበር። ጋሽ መልአኩ ሳቁና «ይቺ መኪና ቁርጥ አማራት መሰለኝ» አሉ። ማኅሌትም አብራ ሳቀች።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ለግንቦት ሃያ በዓል ከዞን እንግዶች መጥተው ሥራውን እንደሚያዩ ተነገራቸው። የኮሌጁ ተማሪዎች በግቢው በር ፊት የትራፊክ መብራት ሠርተው ተከሉ። በዋዜማው እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ባሉበት ተሞከረ። ፒካፑ ቀዩን መብራት እያየ አለፈው። ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ አለፈው።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጃንጥላቸውን አጠፉና «ነገም እንዲህ ካደረገ ምን ልንል ነው?» አሉ። «ከተማው ሁሉ ሊስቅብን? ማኅሌት፣ እኔ ስለዚህ መኪና ለስንቱ አውርቻለሁ መሰለሽ!»

ማኅሌት ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ከሰዓት በኋላ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ልኩን ዝቅ አደረገችው፤ ከዚህ በፊት አድርጋው ከምታውቀው ሁሉ በታች። ላፕቶፑ ያየውን ደጋግሞ ሳያጣራ ፍሬን እንዳይዝ የሚከለክለውንም ትእዛዝ ሰረዘችው፤ ያዘገየዋልና። ጋሽ መልአኩ በመስኮት በኩል ሆነው ያዩዋታል።

«እንዲህ ስታደርጊው ሥጋ ቤቱጋ ቢቆምስ?» አሏት።

«ቢቆም ምን ይሆናል፣ ጋሼ? መቆም ማንንም አይጎዳም።»

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ዳመነ፤ የዳሞታ ጫፍ በጉም ተሸፍኖ ካፊያ ይጥል ነበር። እንግዶቹ በኮሌጁ በር ድንኳን ሥር ተቀመጡ። ፒካፑ ከአራዳ ተነሥቶ በመደበኛው መንገድ መጥቶ፣ በሩ ፊት ቀዩ ሲበራ በራሱ እንዲቆም ነው የታሰበው። መንገዱን ማንም አልዘጋውም። ጋሽ መልአኩ መሪውን ይዘዋል፤ ማኅሌት ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎናቸው ተቀምጣለች። ከኋላቸው ብዙ ሳይርቅ አንድ ባጃጅ ይከተላቸው ነበር።

ሥጋ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ማኅሌት አሻግራ የድንኳኑን ሸራ እያየች ነበር። ላፕቶፑ ጮኸ። ሞተሯ ገመዱን ሳበች። ፒካፑ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ፤ የማኅሌት ደረት ከቀበቶው ጋር ተላተመ። ከፊታቸው ሰው የለም፤ መኪና የለም፤ ከብት እንኳ የለም። ከበስተኋላ ግን ቆርቆሮ ሲጨማደድ ተሰማ፤ ቀጥሎም አንድ ወንድ በወላይትኛ ሲጮኽ።

ባጃጁ የፒካፑን ኋላ መትቶ በጎኑ ተገልብጧል። ሹፌሩ ኤርሳዶ የሚባል ወጣት ነው፤ ግንባሩ እየደማ ተሳፋሪዋን ለማውጣት ይታገላል። ተሳፋሪዋ እናቱ ወይዘሮ አስካለች ነበሩ። ከሶዶ ወጣ ብላ ባለች ጉኑኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ በዋዜማው ሶዶ ገበያ ውለው አድረው ልጃቸው ወደ መናኸሪያ እያደረሳቸው ነበር። ከሥጋ ቤቱ የወጡ ሰዎች ባጃጁን አንሥተው ሴትዮዋን መሬት ላይ አስተኙዋቸው። አንድ እግራቸው ከዳሌው ጀምሮ ወደማይዞርበት ዞሯል። አልጮኹም፤ የልጃቸውን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ ለመጥረግ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ለዝግጅቱ እዚያው አካባቢ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን ዓምደሚካኤል ሮጦ ደረሰ። እናትና ልጁ ዱቦ ሆስፒታል ዘመድ አለን ስላሉ፣ አንድ የጭነት መኪና አስቁሞ ሴትዮዋን እንዲያሳፍሯቸው አዘዘ። ከዚያ ወደ ፒካፑ ዞረ።

«ለምን ቆማችሁ? መብራቱ ገና እዚያ ታች ነው።»

ጋሽ መልአኩ ማኅሌትን አዩዋት። እሷ ከመኪናው ወርዳ ካፊያው ፊቷን ይመታታል። ከሥጋ ቤቱ በር ላይ ቀዩ አምፖል በዚያ ዳመና ቦግ ብሎ ይታያል። ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሣች።

«አንዲት ሴትዮ ልትሻገር ነበር» አለች።

«የታለች?»

«ስንቆም… ተመልሳ ሄደች።»

ሳጅኑ ወደ ጋሽ መልአኩ ዞረ። ጋሽ መልአኩ አዎ በሚል አንገታቸውን ነቀነቁ።

ኤርሳዶ ደሙን በክንዱ እየጠረገ ቀረበ። «ሳጅን፣ እነሱን ተዋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። እናቴ ስታናግረኝ ዞር ብዬ ነበር።» ወደ እናቱ ዞሮ አየ። «ዞር ባልል ፍሬን እይዝ ነበር።»

«ኋላ ያለ ርቀቱን መጠበቅ አለበት። ሕጉ ይኸው ነው» አለ ሳጅኑና ጻፈ።

የጭነት መኪናው እናትና ልጁን ይዞ ሄደ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ከድንኳኑ በእግራቸው መጥተው «ሰው ሞተ?» ብለው ጠየቁ። አልሞተም ሲባሉ ወደ እንግዶቹ ዘወር ብለው አዩና «እንግዲያስ ጨርሱት፣ እየጠበቁ ነው» አሉ። ማኅሌት እምቢ ማለት ነበረባት። እሷ ግን ተመልሳ ጋቢና ውስጥ ገባች። ፒካፑ የተጨማደደ ኋላውን እያንኳኳ ቁልቁል ወረደ፤ በኮሌጁ በር ፊት ቀዩ በራ፤ ጋሽ መልአኩ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ለእንግዶቹ አሳዩ፤ መኪናው ልክ መስመሩ ላይ ቆመ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተሞላ። አንድ ባለሥልጣን የማኅሌትን እጅ ጨብጦ «ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው» አላት።

አመሻሹ ላይ ቤቷ ገብታ ካሜራዋ የቀረጸችውን ተመለከተች። እርጥብ አስፋልት፣ ባዶ መንገድ፣ በግራ በኩል ሥጋ ቤቱ። ላፕቶፑ ቀዩን አምፖል በአራት ማዕዘን ከብቦታል፤ አግኝቻለሁ ሲል። የሚሻገር ማንም የለም። መልሳ መላልሳ አየችው። ልትሻገር ነበር ያለቻትን ሴትዮ ለሳጅኑ ስትነግረው መልኳ ጭምር ታይቷት ነበር፤ ምስሉ ውስጥ ግን ስትፈልጋት አጣቻት። እናቷ እራት ብላ ስትጠራት «ራሴን አመመኝ» ብላ ተኛች።

በዚያው ሳምንት ብርቱካን ገዝታ ዱቦ ሄደች። እነግራቸዋለሁ ብላ ነው የሄደችው። ከሚኒባሱ ወርዳ ወደ ሆስፒታሉ ስትወጣ የምትለውን ቃል በአፏ ታዘጋጅ ነበር። ወይዘሮ አስካለች አልጋ ላይ ናቸው፤ እግራቸው በክብደት ተወጥሮ ታስሯል። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ሊነሡ ሞከሩ።

«ከመኪናው ነህ? ያ አስተማሪ? እስከዚህ ድረስ መጣህ?» የወይዘሮ አስካለች አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። ሁለቱንም እጆቿን ይዘው ሳሟቸው። «አንተ የኔ ልጅ፣ ጌታ ይባርክህ። የኔ ልጅ ነው መኪናህን የመታ። አንተ ግን ብርቱካን ይዘህ መጣህ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ…»

«አይ፣ አይ። ልጄ ነግሮኛል። እኔም ጥፋት አለኝ፤ መንዳት ላይ ሳለ አናገርኩት። ስለ ልብስ ነው ያወራሁት፤ ስለ ልብስ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በወላይትኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩላት። ማኅሌት ከፊሉን ብቻ ነው የሰማችው፤ ስሟን ግን ደጋግመው ጠሩት። እንባዋ መጣ። ወይዘሮ አስካለች በእሳቸው ማዘኗ መስሏቸው ጉንጯን በመዳፋቸው ጠረጉላት።

ያዘጋጀችውን ቃል ሳትናገር ብርቱካኑን አጠገባቸው አስቀመጠች።

«ኤርሳዶ ውጭ ነው» አሏት ስትነሣ። «ምግብ ያመጣል፤ ግን አይገባም። ፊቴን ማየት ፈራ። አንተ በለው፣ እናትህ አልተቆጣም በለው።»

ኤርሳዶ ከሆስፒታሉ ግድግዳ ሥር ሳሃን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ፤ የግንባሩ ስፌት ገና አልተፈታም።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ጎንበስ ብሎ። «በዚያ ትልቅ ቀንዎ ሥራዎን አበላሸሁ።»

«ምንም አላበላሸህም» አለች። እውነቱ እዚያው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ሁለት አስታማሚዎች አጠገባቸው ቆመው ያወራሉ። «አይዞህ» አለችው ብቻ። ለማን እንደሚባል የማታውቀው ቃል ሆነባት። ሚኒባሱ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ከዚያ በኋላ ሰኔና ሐምሌ ዘነቡ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ከዞን የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ማኅሌት ፒካፑ ካለበት ጋራዥ ደጃፍ ማለፍ ጠላች። ሥጋ ቤቱን ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም በሆነ መንገድ ትሄዳለች፤ እናቷ ገበያ ልላክሽ ስትላት ትቆጣለች፤ ትንሽ ትበላለች። አንድ ቀን ጋሽ መልአኩን ጋራዡ ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ልናገር ነው» አለች።

ጋሽ መልአኩ እጃቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ ጣሉ። «ምኑን?»

«የሚሻገር ሰው እንዳልነበረ።»

«ማኅሌት፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ዲግሪ አለሽ፣ የትም ትቀጠሪያለሽ። እኔ መንጃ ፈቃዴን ከነጠቁኝ ምን ልሆን ነው? ሳጅኑ ሲጠይቅ አንገቴን ነቅንቄያለሁ። ያንቺ ውሸት የኔም ሆኗል።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስዋሸሁዎት።»

«እንግዲያስ ተይው። ሴትዮዋ እየዳኑ ነው። ልጁም ራሱ አምኗል። ያመነ ሰው አለ፤ አንቺ ምን አስጨነቀሽ?»

ማኅሌት ከጋራዡ ወጣች። እኒህን ሰው እንጀራ ልታሳጣቸው እንደማትፈልግ ለራሷ ነገረችው፤ ዝም ማለቷን ደግነት ለማስመሰል ነው። እንደዚያ ብላ አሰበችና ሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ተነፈሰች።

ያን እፎይታ የወሰደባት አንዲት ተማሪ ናት። ሜላት የምትባል የጉኑኖ ልጅ፣ ለክረምት ትምህርት ኮሌጁ ትመጣለች። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ስለ ፒካፑ ስትጠይቃት ቆየችና «ቲቸር፣ ያን ቀን የመታችሁ ልጅ እኮ ጎረቤታችን ነው» አለቻት። «ተበላሸ። ባጃጁን ለባለቤቱ መለሰ፤ እናቱ ከዱቦ ሲመጡ ሰው ሁሉ ሊቀበላቸው ወጥቶ እሱ የለም። አጎቱ እርሻ ላይ ነው የሚያድረው። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረ፤ እሱንም ተወ። እናቱን የሰበረ አፍ አይዘምርም ይላል።»

ማኅሌት መጻሕፍቷን ሰብስባ ወጣች። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ወስና ነበር።

ቅዳሜ ላፕቶፑን በቦርሳ ይዛ ጉኑኖ ሄደች። ኤርሳዶን ያገኘችው ከአጎቱ ቤት በታች፣ ከእንሰቱ ማዶ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ ሲኮተኩት ነው። ከስቷል። ሲያያት መቆፈሪያውን ተክሎ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ቲቸር? ሰላም ነው? እናቴ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናቸው። አንተን ፈልጌ ነው።» ቆማ መናገር እንደማትችል ስላወቀች እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። እሱ አልተቀመጠም። «ኤርሳዶ፣ ያን ቀን ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

«ይህን እናቴም ትላለች።»

«እሳቸው በፍቅር ነው። እኔ ስለማውቅ ነው። የሚሻገር ሰው አልነበረም። መኪናው በራሱ ነው የቆመው፤ የሥጋ ቤቱ ቀይ አምፖል የትራፊክ መብራት መሰለው። ከዚያ በፊትም እዚያ ቦታ ቆሞ ያውቃል፤ አውቅ ነበር። በዋዜማው ደግሞ የባሰ እንዲቸኩል አደረግሁት፤ እንግዶቹ ፊት ላለማፈር። ለሳጅኑ ዋሸሁ።»

ኤርሳዶ ቅንድቡን ሰብስቦ አዳመጣት፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይ። እኔ ዞሬ ነበር። እናቴ ስለ ልብስ ስታወራ ዞርኩ።»

«ብትዞርም ባትዞርም መንገዱ ባዶ ነበር። ማንም እዚያ ይቆማል ብሎ አያስብም።»

«ዞሬ ነበር እኮ ነው የምልዎት!» ድምፁ ተቆጣ፤ ያን ጥፋት ሊቀሙት የመጡ ይመስል።

ላፕቶፑን ከፍታ አሳየችው። አንገቱን ደፍቶ አየ። እርጥቡ አስፋልት፣ ባዶው መንገድ፣ የተከበበው ቀይ አምፖል፣ ከዚያ የምስሉ መንገጫገጭ። «እንደገና» አለ። አሳየችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጨርስ ቀና አለ።

«ፖሊስ ጋ ሄደሻል?» አላት። «እርስዎ» ማለቱ ቀርቷል።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ እኔ ጋ መጣሽ? ይቅር እንድልሽ? ቀለል ብሎሽ እንድትሄጂ?»

እውነት ነበረ፤ እስኪነግራት ድረስ ግን አላወቀችውም።

«ዱቦ መጥተሽ አይዞህ አልሽኝ» አለ። «እኔ ያኔ እናቴ ያለችበት ክፍል መግባት አቅቶኝ ነበር። ከበሩ እስከ አልጋዋ ምን ያህል ነው? አንቺ ገብተሽ ተመርቀሽ ወጣሽ።» መቆፈሪያውን ነቀለና መሬቱ ላይ ወረወረው፤ ወደ እሷ ግን አልነበረም። «ሂጂ። መጀመሪያ መናገር ያለብሽ ቦታ ሂጂ።»

እየቆፈረ የነበረውን ትቶ በእንሰቱ መሐል ሽቅብ ሮጠ። ወደ እናቱ ቤት የሚወስደው መንገድ በዚያ በኩል ነበር።

ማኅሌት ከሚኒባሱ እንደወረደች ቤቷ ሳትገባ ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ሳጅን ዓምደሚካኤል ቃሏን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እኅቴ፣ መዝገቡ ተዘግቷል እኮ። ልጁ አምኗል።»

«ስላመነ ነው የመጣሁት» አለች። «ጋሽ መልአኩ ቃል አልተናገሩም። ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ እንጂ አልዋሹም ብለህ ጻፍልኝ።»

«አንገታቸውን ሲነቀንቁ እኔው አይቻለሁ። የምጽፈው ያየሁትን ነው።»

ያየውን ጻፈ። መዝገቡ ተከፈተ፤ የኤርሳዶ ጥፋት ተሰርዞ የታገደው መንጃ ፈቃዱ ተመለሰለት። ማኅሌት በሐሰት ቃልና በሰው መንገድ ላይ አደገኛ ሙከራ በማድረግ ተከሰሰች፤ ስላመነች በገደብ ተለቀቀች። ወይዘሮ ዓመለወርቅ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አውርደው፣ ካሜራውና ሞተሩ ከፒካፑ እንዲፈታ አዘዙ። «አንቺን ብዬ!» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የማኅሌት ውል ሳይታደስ ቀረ። የጋሽ መልአኩም መንጃ ፈቃድ ለጊዜው ተያዘ፤ ኮሌጁ በዘበኝነት አስቀራቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አግኝታቸው «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ስትላቸው ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። እሷም አልተከተለቻቸውም።

ከመስቀል በኋላ የማኅሌት አባት አቶ ማሞ ሽማግሌ ይዘው ከእሷ ጋር ጉኑኖ ወረዱ። በወይዘሮ አስካለች ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ወጥቶ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው ጠበቋቸው። ወይዘሮ አስካለች በክራንች እየተደገፉ ወጡ። ሐኪሙ ያለ ክራንች እንደማይሄዱ ነግሯቸዋል።

ማኅሌት ተነሥታ ሁሉንም ከመጀመሪያው ተናገረች፤ ያደረገችውንም ያወቀችውንም፤ ዱቦ ላይ ዝም ማለቷንም። ማንም አላቋረጣትም። ስትጨርስ ወይዘሮ አስካለች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ክራንቻቸውን አስደገፉ።

«ስለ እግሬ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «እግር ነው። መኪናም ይሰብራል፣ ድንጋይም ይሰብራል። አንተም እንዲህ እንዲሆን አልፈለግህም። ግን እኔ እጄን ራስህ ላይ ጭኜ ስጸልይ አንተ ታውቅ ነበር። የኔ ልጅ ከግድግዳው ወዲያ ነበረ፤ አንተ ታውቅ ነበር። ያንን ዝምታህን ይቅር ለማለት ገና እየጸለይኩ ነው። ሽማግሌ ፊት አልዋሽም።»

አቶ ማሞ አቀረቀሩ። ሽማግሌው ወደ ኤርሳዶ ዞሩ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ ኤርሳዶ። «ዘግይታም ቢሆን መጥታ ነግራኛለች። ግን አንድ ነገር ትስማ። ፈቃዴን መለሱልኝ፤ ባለቤቱም ባጃጁን ና ውሰድ አለኝ። ወጥቼ መሪውን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጥፋቱ የኔ እንዳልነበረ ራሴ ያውቃል፤ እጄ ግን አያውቅም። ተውኩት። አሁን ከአጎቴ ጋር ዝንጅብል እነግዳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አብረው ተበላ። ሥጋውና ቆጮው ቀረበ፤ ዳታ የሚሉት የበርበሬ ማባያ ዓይን ያስለቅሳል። ማኅሌት የተቆረሰላትን ጎረሰች፤ አላጣጣመችውም። አባቷና ሽማግሌዎቹ ጨዋታ ሲይዙ፣ የማታው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ቀድማ ተሰናብታ ወጣች።

አስፋልቱ ዳር ብቻዋን ቆማ ስትጠብቅ ኤርሳዶ ከኋላዋ መጣ። እንግዳ መንገድ ላይ ብቻውን አይተውም ብለው ልከውት እንደሆነ ገባት። አጠገቧ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ልትጠይቀው የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ መዘምራኑ ጋ ተመልሶ እንደሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ። ለመጠየቅ መብቱ እንዳላት ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ከብቶች አለፉ። ሁለት ሴቶች ኤርሳዶን ሰላም ብለው፣ እሷን አየት አድርገው አለፉ።

ሚኒባሱ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ አስቆመላት። ረዳቱ ኋላ ወንበር ላይ ሊያስገባት ሲል «ፊት አስቀምጣት፤ ኋላ ያንገላታል» አለው። ማኅሌት ገብታ በመስኮቱ ልታመሰግነው ዞር ስትል፣ ኤርሳዶ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ጀምሮት ነበር።